ቀልዱ የማን ነው?

የሰፈሩ ሰው የጥርስ ሐኪሙን ክሊኒክ «ምክር ቤት» ብሎ ነው የሚጠራው። ጉንጩ ያበጠ ሰው መንገድ ላይ አግኝታችሁ «ምነው?» ብትሉት፣ «ተወኝ ባክህ፣ ከሰዓት በኋላ ምክር ቤት እገባለሁ» ይላችኋል። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ሐኪሙ የሰማው ዕለት ይቆጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ነጭ ጋውኑን እያስተካከለ «ከዋናው ምክር ቤት የሚለየን፣ እዚህ የሚያንቀላፋ ሰው አለመኖሩ ነው» ብሎ ሳቀ አሉ።

ስሙ የወጣበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ይህ ሐኪም የአገሩ ነገር ያንገበግበዋል። የምርጫው ነገር፣ የፍርድ ቤቱ ነገር፣ የሬዲዮ ዜናው ነገር፣ ሰው መጀመሪያ ታስሮ ወንጀሉ በኋላ የሚፈለግለት ነገር፣ ሁሉም አንጀቱን ያሳርረዋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ አብዛኛው የሚለው ነገር ልክ ነው። ችግሩ የሚናገርበት ቦታ ነው። ታክሲ ውስጥ ስለ መንግሥት ከተነሳ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ሻይ ቤት ውስጥ ከተነሳ ስኒውን በግማሽ ትቶ ይወጣል። የሰፈር ስብሰባ ከተጠራ «ሕመምተኛ አለብኝ» ይላል። ሕመምተኛው ወንበሩ ላይ ተጋድሞ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ የምራቅ መምጠጫው ቱቦ ከከንፈሩ ተንጠልጥሎ፣ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ፣ በሩ ገርበብ ሲል ግን ያ ዝምተኛ ሰውዬ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል።

«ሰልፍ መውጣት ይቻላል ይላል ሕጉ» ይላል መስተዋቷን ወደ አፍ እያስገባ። «ሰፋ አድርገው ይክፈቱልኝ። ቀጥሎስ ምን ይላል? ሲፈቀድ! የሚፈቅደው ማነው? ሰልፍ የሚወጣበት ሰውዬ ራሱ! ወደ ግራ ዞር ይበሉ። እኔ እርስዎን ለመክሰስ የእርስዎን ፈቃድ ልጠይቅ? ይኼ ሕግ ነው? እስቲ ይንገሩኝ!»

ምን ብሎ ይንገረው? አፉ ውስጥ የሐኪሙ ሁለት ጣትና አንድ መሰርሰሪያ አለ። ሕመምተኛ ሲያመው እጁን እንዲያነሳ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ እጁን ሲያነሳ ግን ሐኪሙ እንደ ድጋፍ ድምፅ ይቆጥረዋል። «አውቃለሁ፣ እኔንም እንደዚሁ ነው የሚያመኝ» ይልና ይቀጥላል። እንደዚያች ክፍል ያለ ምንም ገደብ የሚነገርበት ቦታ በዓለም ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ተናጋሪው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው እንጂ።

ይህን ሁሉ በቅርብ የምታውቀው ታላቅ እህቱ ናት። ከፊት ክፍል ተቀምጣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ መሣሪያ ቀቅላ ታወጣለች፣ የፈራውን ታደፋፍራለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሪዙ ሸብቶም ከአፏ «አንተ ልጅ» አልጠፋም። እሱም «እታለም» ይላታል። እታለም አንድ ነገር ታዝባለች። ሐኪሙ ሲናገር ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኛ ሕመምተኛ ሕክምናው ቶሎ ያልቃል። ዓይኑን ገልጦ የሚያዳምጥ ሕመምተኛ ግን ቀጠሮው አያልቅም፤ ዛሬ ትንሽ ይሠራለታል፣ መድኃኒት ተደርጎ በጊዜያዊ ሙሌት ይደፈናል፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በል» ይባላል።

የኤሌክትሪሺያኑ ጥርስ ያላለቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ የታችኛው መንጋጋው ተበልቶ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ የሰፈሩ ሰው ነው። የጥርሱ ሥር ተጠርጎ መሞላት ነበረበት። የእጅ ጥበብ ላለው ሐኪም፣ እሱ ደግሞ የእጅ ጥበብ አያንሰውም፣ ብዙ የሚያመላልስ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሰውየው ቅንድብ ነበረው። እንደዚያ ያለ ቅንድብ ሐኪሙ አይቶ አያውቅም። ስለ ምርጫ ሲነገረው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለ እስር ሲነገረው ሁለቱም ይሰበሰባሉ፤ ቀልድ ሲነገረው በየፊናቸው ይሄዳሉ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ አድማጭ በስንት ዘመኑ አግኝቶ እንዴት በቶሎ ይልቀቀው?

«የዚህ ሰውዬ ጥርስ አያልቅም እንዴ?» አለችው እታለም አንድ ቀን፣ ኤሌክትሪሺያኑ ጉንጩን ይዞ ከወጣ በኋላ።

«ሥሩ ጠማማ ነው።»

«ምንም ጠማማ አይደለም፤ የራጅ ፎቶውን አይቼዋለሁ። ወሬህ ነው ያላለቀው!»

ሐኪሙ እያፏጨ መሣሪያውን ሰበሰበ። ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር። ለብዙ ጊዜ ሲያሻሽለው የኖረውን ቀልድ ተናግሮ፣ ኤሌክትሪሺያኑ አፉን እንደከፈተ ስቆ፣ ምራቁ ትን ብሎት፣ ከወንበሩ ቀና አድርገው ጀርባውን መምታት ነበረባቸው። ቀልዱ ይህ ነው፦ «ጠዋት በሬዲዮ ‹ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማማ› ሲባል ሰማሁ፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ልስማማ መጣሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። አዲስ ደንብ ተረቀቀ። ማንም ሰው ለማንኛውም ጉዳይ ሰው ሲሰበስብ፣ በግቢውም ይሁን በደጁ፣ አስቀድሞ ከሰፈሩ አስተዳደር ፈቃድ ይውሰድ የሚል ነው። ነዋሪው እንዲወያይበት በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ሕመምተኛ አለብኝ አለ፤ እታለም ሄደች። ስትመለስ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ያ ኤሌክትሪሺያን ተነስቶ ተናገረ» አለች።

«እሱ? መናገር ይችላል እንዴ?»

«ብዙ ነገር ተናገረ። መጨረሻ ላይ ‹ጠዋት በሬዲዮ ተስማማችሁ ሲባል ሰምቼ ልስማማ መጣሁ› አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።»

ሐኪሙ ቧንቧውን ዘጋ። ፊቱ ላይ የታየውን ደስታ እግዜር ይይለት። «‹ከሰዓት በኋላ› አላለም? ‹ከሰዓት በኋላ ልስማማ መጣሁ› ነው እኮ የሚባለው። እሱን ከተወው ግማሹ ውበት ጠፋ። ምን ያህል ሳቁ?»

«አንተ ልጅ!» አለች እታለም። «ወሰዱት እኮ ነው የምልህ!»

«ወዴት ነው የወሰዱት?»

«ወዴት ይወስዱታል? ጣቢያ ነዋ! ሰዉ ሲወጣ ከበሩ ላይ ይዘውት ሄዱ።»

ሐኪሙ እጁ ውኃ እያንጠባጠበ መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋ። ቀጥሎ መጋረጃውን ሳበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከማን ሰማሁ ብሏል?» ሲል ጠየቃት። እታለም ትክ ብላ አየችውና በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ወጣች።

በቀጣዮቹ ቀናት ምክር ቤቱ እረፍት ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ሕመምተኛው ይጋደማል፣ አፉን ይከፍታል፣ ለሚመጣው ሁሉ ራሱን አዘጋጅቶ የወንበሩን ክንድ ይጨብጣል፤ ሐኪሙ ግን ቃል አይወጣውም። ቢበዛ «ዘንድሮ ዝናቡ ዘግየት አለ» ይላል። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ጥርሳቸው ተሞልቶ አፋቸውን ከተጉመጠመጡ በኋላ «ዶክተር፣ አሞዎታል እንዴ?» ብለው ጠየቁት። ደህና ነኝ አለ። ደህና አልነበረም። ማታ ማታ ራሱን ሲያጽናና «እኔ አልላክሁት፣ ተናገር አላልኩት» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ የሰውየው ጥርስ ትዝ ይለዋል። ያንን ጥርስ ከፍቶ የተወው ማንም አይደለም፤ እሱ ነው። ጊዜያዊ ሙሌት ጊዜያዊ ነው። ከቆየ ውስጡ መመርቀዙ አይቀርም። ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የኤሌክትሪሺያኑ ሚስት የመጣችው ክሊኒኩ ገና ሲከፈት ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሴት ናት። ተቀመጪ ብትባል አልተቀመጠችም።

«ምግብ ሳደርስለት አየሁት» አለች። «ፊቱ ይህን ያህል አብጧል። ውኃ እንኳ መዋጥ አቅቶታል። ዶክተር፣ ስለ ሌላው ነገር ላስቸግርዎት አልመጣሁም። የጀመሩትን ቢጨርሱለት ብዬ ነው።»

«መድኃኒት እጽፍልሻለሁ» አለ ሐኪሙ። «ለጥቂት ቀን ይውሰድና እስኪወጣ ድረስ...»

«መቼ እንደሚወጣ ያውቃሉ?»

አያውቅም። ማንም አያውቅም። እታለም በዚህ መሀል ወደ ውስጥ ገብታ ጥቁሯን የእጅ ቦርሳ አውጥታ መስተዋቱን፣ መርፌዎቹን፣ ጥጡን፣ የማጠቢያውን መድኃኒት፣ መሙያውን መደርደር ጀምራ ነበር። ሐኪሙ ተከትሏት ገባ።

«እታለም፣ እዚያ ሄጄ ምን እላለሁ?»

«ምንም አትበል። ሐኪም ነህ፤ ሥራህን ሠርተህ ና።»

«ከጠየቁኝስ?»

እታለም ቦርሳውን ዘጋችውና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እኔ ምን አውቄ! እኔ ቀጠሮ ነው የምይዘው» አለች። የሚሆነውን ከሱ ባላነሰ ፈርታለች፤ ግን ደግሞ ያሳደገችው ልጅ እንዲህ ሆኖ እንዲቀር አልፈለገችም።

ጣቢያው ከክሊኒኩ ሩቅ አይደለም። ሐኪሙ ግን በዚያ መንገድ የሄደበት ቀን ትዝ አይለውም፤ ሁልጊዜ በላይኛው በኩል ነው የሚዞረው። ሚስትየዋን ከበሩ ውጭ አስቀሯት። እሱን ጋውኑን አይተው አስገቡት። ረጅም ኮሪደር፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አግዳሚ ወንበር፣ በኮሪደሩ መጨረሻ አንድ መስኮት ያለው የመርማሪ ክፍል። መርማሪው ወጣት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሑት ሰው ነው። ሐኪሙን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ዶክተር! ይግቡ፣ ይግቡ። ለዚያ ሰውዬ ብለው መጡ? በጣም እናመሰግናለን። እኛም ፊቱ አሳስቦናል። ይለቀቅ ነበር እኮ፤ ችግሩ ግትር ነው።»

«ምን አደረገ?» አለ ሐኪሙ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው።

«አዳራሽ ውስጥ ቀለደ። ቀልዱ ምንም አይደል። ግን እስቲ ያስቡት፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል? ከጀርባው የተማረ ሰው አለ። ማነው ያስጠናህ ስንለው ‹ማንም አይደለም፣ ራሴ ነኝ› ይላል። የዚያን ሰው ስም እስኪነግረን ነው የምንጠብቀው።»

ሐኪሙ ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የተማረው ሰው ከፊትህ ቆሟል ማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ያ ትንፋሽ ግን ከየት ይምጣ?

ኤሌክትሪሺያኑን አመጡት። ግራ ጉንጩ ተነፍቶ ዓይኑን ሊደፍነው ምንም አልቀረውም። ሐኪሙን ሲያይ በቀረው ዓይኑ ፈገግ አለ። ከመስኮቱ ሥር ወንበር አስቀመጡለት፤ ሐኪሙ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረለት። መሰርሰሪያ የለም፣ መምጠጫ የለም፤ እጅና መስተዋት ብቻ። የራሱን ሙሌት በመርፌ ጫፍ ቆርቁሮ አነሳው። ከውስጥ የታፈነው ወጣ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ መርማሪው ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ከብዙ ቀን በኋላ በረጅሙ ተነፈሰ።

ሐኪሙ አጠበ፣ ጠረገ፣ ደግሞ አጠበ። አንድ ቃል አልተናገረም። የሰሞኑ ዝምታው የፍርሃት ነበር፤ ሥራው ላይ ብቻ አተኩሮ ዝም ሲል በዕድሜው ይህ የመጀመሪያው ነው። ከፊቱ ያለውን ፊት ያን ጊዜ አየው። እነዚያ ቅንድቦች ለስንት ሳምንት ሲወጡና ሲወርዱ እሱ የራሱን ንግግር ብቻ ሲያይባቸው ኖሯል። ይህ ሰው ደግሞ በዚህ ሁሉ ሥቃይ መሀል አንድ ስም ቢጠራ ይወጣ ነበር። አልጠራም። ሐኪሙ አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ጥጡን በጥርሱ ዙሪያ እንዳስቀመጠ፣ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

«ቀልዱ የኔ ነው» አለ።

«የቱ ቀልድ?» አለ መርማሪው።

«የሬዲዮው። ክሊኒክ ውስጥ እኔ ነኝ የነገርኩት። የተማረው ሰው የምትሉት እኔ ነኝ።»

ኤሌክትሪሺያኑ «ኧኧ! ኧኧኧ!» ብሎ እጁን አነሳ።

«አመመህ?» አለ ሐኪሙ።

ራሱን በኃይል ነቀነቀ። በጣቱ ጥጡን አሳየ። ሐኪሙ ጥጡን አወጣለት። ኤሌክትሪሺያኑ ወደ ባልዲው ተፋ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ቀና አለ። ተቆጥቷል።

«ዶክተር፣ እኔ እርስዎን አከብርዎታለሁ። ግን ይኼ ምንድነው?»

«ምን አደረግሁ? ላድንህ ነው እኮ!»

«ቀልዱ የርስዎ ነው፤ ይውሰዱት። ከሱ በፊት የተናገርኩት ሁሉ ግን የኔ ነው። እታለም አልነገሩዎትም? የላይኛው መንገድ ምሰሶ ላይ ሽቦው ተራቁቷል፤ ሥሩ ልጆች ይጫወታሉ። ለመብራት ኃላፊዎች እናመልክት ብለን ከጎረቤቶቼ ጋር ደጄ ተሰብስበን ነበር። በዚህ በአዲሱ ደንብ እኮ ያ ስብሰባ ወንጀል ነው! ፈቃዱ እስኪመጣ ሽቦው ይጠብቀናል? ይህን ነው የተናገርኩት። ሰው ሁሉ ቀልዱን ብቻ ይዞ ሄደ። እነሱም ቀልዱን ብቻ ይጠይቁኛል። እርስዎም ቀልዱን ይዘው መጡ!»

«ስለ ሽቦው ለምን አልነገርከኝም?» አለ ሐኪሙ።

«መቼ ልንገርዎት?»

መርማሪው ሊስቅ ሲል ራሱን ገታ። ኤሌክትሪሺያኑ ግን ገና አልበቃውም። ስንት ሳምንት የተጠራቀመ ነገር ነው።

«ደግሞ ክሊኒክዎ ውስጥ ‹ሕዝቡ ፈሪ ነው› የሚሉት ነገር አለ። ከጎረቤቶቼ ጋር እንድጣላ ብለው ነው? ሕዝቡ ፈሪ አይደለም። አፉ ውስጥ መሰርሰሪያ ይዘውበት እርስዎ ‹ይንገሩኝ!› ይላሉ። ማነው የሚነግርዎት?»

ሐኪሙ መስተዋቱን በጥጥ ጠረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕመምተኛ ወንበር መልስ መጣ፤ ወንበሩ የክሊኒኩ ባይሆንም። ብዙ የሚለው ነገር ነበረው፣ ሁሉም ትክክል የሆነ፤ ሁሉንም ዋጠውና «ክፈት፣ ልጨርስልህ» አለ። ጨረሰለት፣ ደህና አድርጎ ደፈነለት።

መርማሪው በዚህ መሀል አስቦበት ነበር። «ዶክተር፣ እርስዎ ይሂዱ» አለ በትሕትና። «ሕመምተኛ እየጠበቀዎት ነው። የርስዎ ቀልድ ነው፤ ገባኝ። ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ይቀልዳል።»

«እሱስ?»

«እሱ ይቆያል።»

«አንድ ቀልድ ነው እኮ። እኔ ሳወራው ቀልድ ሆኖ እሱ ሲያወራው ለምን ወንጀል ሆነ?»

«እርስዎ በክሊኒክዎ ነው ያወሩት። እሱ ሰው ፊት ነው የተናገረው» አለ መርማሪው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ።

ይህ ነው ሐኪሙን የነካው። ለስንት ዓመት ሲናደድባቸው የኖሩት ሰዎች ለካ በሱ ደስተኞች ናቸው! እንደሱ ያለ ተቃዋሚ ሰፈሩን ቢሞላው ቅር የሚላቸው አይመስልም። በሩን ዘግቶ ይናደዳል፣ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ደሙ ፈላ፤ ለንግግር ግን አልተነሳም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደረገ።

«አልሄድም» አለ። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ አጭሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መርማሪው ተቸገረ። ለመነው፣ ሻይ አቀረበለት፣ ቆጣ አለ፣ መልሶ ለመነው። ሐኪሙ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ይፈራ ነበር፤ ቢሆንም ቦርሳውን አቅፎ ተቀመጠ። የሰፈሩ ሰው በበሩ ሲያልፍ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ያያል፤ አንድ ሁለት ሰው ቆም ማለት ጀመረ። የጣቢያው አዛዥ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጥርሱን ሊያስነቅል ከሐኪሙ ቀጠሮ ነበረው፤ ጥርስህን የሚነቅልልህን ሰው ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ማዋል ደግሞ አያስተኛም። መርማሪው ወደ አዛዡ ቢሮ ገባ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። መጨረሻ ላይ መጥቶ «በዋስ ይውጣ ተብሏል» አለ። «ዋሱ እርስዎ ይሆናሉ። በማንኛውም ስብሰባ ላይ አይናገርም። ከተናገረ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ እሱን አይደለም የምናመጣው፣ እርስዎን ነው። አሁን ይሄዳሉ?»

ወረቀቱን ሊያመጣ ሲሄድ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ቀሩ። ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ዋስትና ሕግ የሚናገረው ነገር ነበረው፤ ተወው።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለው።

ኤሌክትሪሺያኑ ጉንጩን በመዳፉ ደገፈ። ቆጠብ ብሎ ነው የመለሰው። «ሚስቴ በር ላይ ቆማለች። መውጣት እፈልጋለሁ። ግን ልዋሽዎት አልችልም። ቅዳሜ ደንቡ የሚጸድቅበት ስብሰባ አለ። ስለ ሽቦው ሳልናገር አልቀርም። ይወቁት ብዬ ነው። ባይፈርሙ አልቀየምዎትም።»

ሐኪሙ ስለ ክሊኒኩ አሰበ። ስለ እታለም አሰበ፤ ብቻዋን በዚያ በር ላይ ምግብ ይዛ ስትቆም ታየችው። እምቢ ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው፤ ማንም አይወቅሰውም፣ ኤሌክትሪሺያኑ እንኳ። መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ብዕሩን ተቀበለ። ወረቀቱን ቦርሳው ላይ ዘርግቶ ፈረመ።

ሚስትየዋ ባሏን በሩ ላይ ስታቅፈው አለቀሰች። ሐኪሙንም አመሰገነችው፤ የፈረመው ምን እንደሆነ አላወቀችም።

እታለም ግን የዚያኑ ዕለት አወቀች። ነገራት። ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ ቁጭ አለችና የሱን ሹራብ መጠገን ጀመረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ አንድ ትንሽ ሻንጣ ሰጠችው። ሹራብ አለበት፣ ሳሙና አለበት፣ ፎጣ አለበት። «ምናልባት ነው» አለች። «ምናልባት ነው እንጂ እንዲሁ ይዘኸው ትመለሳለህ።» ከዚያ እሷም ጫማዋን አድርጋ አብራው ወጣች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ለፊት መድረኩ ላይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ፊት አንድ ማይክሮፎን። መርማሪው ከጎን በኩል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሐኪሙ ከኋላ አካባቢ ከእህቱ ጋር ተቀመጠ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ ሥር አደረገ። ዞር ዞር ብሎ ሲያይ አዳራሹ በሕመምተኞቹ የተሞላ ነው። «ይህን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ያንን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ በልቡ። እነሱም አዩት፤ ተጠቃቀሱ። ሐኪሙ ስብሰባ መጣ!

ሰብሳቢው ደንቡን አነበበ፣ ጥቅሙን ዘረዘረ፣ «አስተያየት ካለ» አለና ሰዓቱን አየ። ኤሌክትሪሺያኑ ከመሀል እጁን አነሳ። ሰብሳቢው ወደ ግራ አየ። ኤሌክትሪሺያኑ እጁን አላወረደም። ሰብሳቢው ወደ ቀኝ አየ። እጁ እዚያው ነው። ሰው ሁሉ ያንን እጅ ማየት ሲጀምር ሰብሳቢው «ባጭሩ» አለ። ማይክሮፎኑ ግን ከፊቱ አልተነሳም።

ኤሌክትሪሺያኑ ተነሳ። ጉንጩ ገና አልጎደለም፤ ቃሉ በግማሽ አፉ ነው የሚወጣው። «ባለፈው የቀለድኩትን ተዉት፤ እሱ የሰው ነው» ብሎ ጀመረ። ከፊት ያሉት ሳቁ። «የላይኛው መንገድ ምሰሶ ላይ...» አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ከመሀል አላለፈም። ከኋላ ያለው ሰው አንገቱን አሰገገ፣ እርስ በርስ «ምን አለ?» ተባባለ፣ ጉርምርምታ ተነሳ። ሰብሳቢው ይህን አይቶ «እሺ፣ በቃ፣ ተሰምቷል» ሊል አፉን ከፈተ። መርማሪው ከግድግዳው ላይ ቀና ብሎ ሐኪሙን ፈልጎ አገኘው። ትኩር ብሎ አየው። ያንተ ሰው ነው፣ አስቀምጠው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሐኪሙ ተነሳ። እታለም የኮቱን ጫፍ ያዘች፤ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ መልሳ ለቀቀችው። የሚያውቁት ሁሉ ዞሩ። ጡረታ የወጡት መምህርት ከልማድ የወንበራቸውን ክንድ ጨበጡ፤ እንግዲህ ምክር ቤቱ ተከፈተ፣ ዛሬ ማታ ቤታችን አንገባም ብለው ነው። ሐኪሙ ግን እጆቹን ባፉ ዙሪያ ከበብ አድርጎ፣ ድምፁ እስኪሰበር፣ ወደ መሀል ጮኸ።

«ጮክ በል! ከኋላ አይሰማም!»